«ይሄ ልጅ አይቆይም»፦ የድራማ ሞት ግምት መቼ ንቀት እንደሚሆን ለይቶ መከራከሪያ መንገድ

ድሬዳዋ ላይ ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚስማማበት አንድ ሕግ አለ፦ አክተር አይሞትም። የሚያከራክረው ከአክተሩ ቀጥሎ ያሉት ናቸው። ዊልቸር ላይ ያለው ታናሽ ወንድም፣ ዓይነ ስውሯ አክስት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባት ሠራተኛ በመጀመሪያው ክፍል ብቅ ሲሉ፣ በርጫው ላይ ከተቀመጡት አንዱ «ይሄ አይቆይም» ይላል። ሌላው «ለምን? እግሩ ስለማይሄድ?» ብሎ ይነሳበታል። አንዱ «ንቀት ነው» ሲል ሌላው «ፊልም ነው እኮ፣ ምን አገባህ» ይላል፤ ከዚያ ድራማው ይረሳና ሰዎቹ ይኮራረፋሉ።

ይህን ክርክር ሳይኮራረፉ፣ ቁም ነገሩንም ሳያድበሰብሱ ማካሄድ ይቻላል። መነሻው አንድ ነው፦ ግምቱን ንቀት የሚያደርገው ሟቹ አካል ጉዳተኛ መሆኑ ሳይሆን «ምክንያቱም» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ እንደማንኛውም ሰው ሊሞት ይችላል። «አካል ጉዳተኛ ስለሆነ አይነካ» ማለትም ሰውየውን ከታሪኩ ውጭ ማድረግ ነው።

ግምቱን ከነምክንያቱ አስጽፉ

የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከላይ የክፍሉን ቁጥርና ቀኑን፣ ከሥር እያንዳንዱን ግምት በአንድ መስመር፦ «እገሌ ይሞታል፤ ምክንያቱም…»። ከአሥራ አምስት ቃል አይለፍ። ሁለት ምክንያት ያለው ሰው ሁለት መስመር ይጻፍ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ደካማው ምክንያት ከጠንካራው ጀርባ ይደበቃል።

መጻፉ የሚጠቅመው የአፍ ግምት ስለሚቀያየር ነው። አንዱ «ስለታመመ ይሞታል» ብሎ ሲወቀስ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «እኔ ያልኩት አጎቱ ስለሚጠላው ነው» ይላል። ሰውየው እየዋሸ አይደለም፤ ክርክሩ ራሱ አዲስ ምክንያት አስይዞታል። የተጻፈ ነገር ግን ከየት እንደተነሳ ያሳያል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ክፍሉ እንዳለቀ፣ ምርቃናው ሳይመጣ ጻፉ። ከመረቀኑ በኋላ አንዱ ግምት አሥር ይወልዳል፣ የማን እንደነበረም አይታወቅም።

«እንዲሁ ታወቀኝ» የሚል ምክንያት አይጻፍ። «ምን ስታይ ነው የታወቀህ?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዊልቸሩ ወይም ነጭ በትሩ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ እውነተኛ መነሻውን አገኘ ማለት ነው።

ትንበያ፣ ወቀሳ እና ምኞት

አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሦስት ንግግሮች አሉ፤ ጠቡ የሚበዛውም እነሱን ከማደባለቅ ነው። «ደራሲው ይገድለዋል» ትንበያ ነው። «እንደሌሎቹ ይሄንንም ሊገድሉት ነው፣ ያበሳጫል» ወቀሳ ነው፤ የሚወቅሰውም ደራሲውን ነው። «ቢሞት ይገላገላል» ግን ምኞት ነው። ወቃሹን ናቂ ብሎ መክሰስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰውየው ከከሳሾቹ ጋር አንድ ወገን መሆኑን የሚያስተውለው የለም። ደብተሩ ላይ በመስመሩ ጫፍ «ት»፣ «ወ» ወይም «ም» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ምኞቱ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። «እግዜር ይገላግለው»፣ «አላህ ይገላግላት» የሚባለው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ በሥቃይ ለሚያቃስት ሰው ነው፤ ርኅራኄ ያለበት ጸሎት ነው፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ይኸው ቃል ካርታ ለሚጫወት፣ ለሚያፈቅር፣ ከወንድሙ ጋር ለሚጣላ፣ ግን ተቀምጦ ለሚሄድ ልጅ ሲባል ትርጉሙ ይለወጣል፦ ሥቃዩ ራሱ አካሉ ነው ማለት ይሆናል። የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከምን ይገላገላል?» ድራማው ሥቃይ አሳይቶ ከሆነ መልሱ ስክሪኑ ላይ አለ። ካላሳየ ግን መልሱ «ካለመራመድ» ይሆናል። ተናጋሪው ያን በራሱ አፍ ሲሰማው ብዙ ጊዜ ያለ ሌላ ክርክር ይመለሳል።

ሌላም አለ፦ «እናቱ ትረፍ»። ይህኛው የልጁን ሕይወት የሚለካው በሌላ ሰው ድካም ነው። የእናቲቱ ድካም እውነት ነው፤ አትካዱት። ነገር ግን ደብተሩ ላይ ከጎኑ ጻፉ፦ ድካሟን ለማቅለል ድራማው ከሞት ሌላ ምን መንገድ ነበረው? ወንድሞቹ ለምን አያግዟትም? ሀብታም ቤት ሆኖ ሳለ መወጣጫ ለምን አልተሠራም? ከሞት ሌላ መንገድ ያልታየው ደራሲው ስላልጻፈው ከሆነ ወቀሳው ወደ ደራሲው ይሂድ።

ይህ ክርክር በዓለም ደረጃም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሚሊዮን ዶላር ቤቢ» አከርካሪዋ የተጎዳ ቦክሰኛ ሞትን ስትጠይቅ ያሳያል። በ2005 የምርጥ ፊልም ኦስካር ሲያገኝ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ተቃውመውታል፤ ለአከርካሪ ጉዳት ሞትን ብቸኛ መልስ አድርጎ አቅርቧል ብለው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው የአንዲት ሴት ውሳኔ እንጂ የሁሉም አይደለም አሉ። በዚህ ዓይነት ታሪክ ላይ ስትከራከሩ «መብቷ ነው፣ አይደለም» ከሚለው ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ታሪኩ ሌላውን መንገድ፣ ማለትም የተሐድሶ ሕክምናን፣ ሥራን፣ ቤትን፣ ወዳጅን አሳይቶ ነው የዘጋው ወይስ ከመጀመሪያውም አልከፈተውም?

ወንበሩን አንሱት

ዋናው መመዘኛ ይህ ነው። ገጸ ባሕርዩን ሳትቀይሩ ጉዳቱን ብቻ በሐሳብ አንሱትና ግምቱ ይቆም እንደሆነ እዩ።

አንድ ትዕይንት በቅርብ እንመልከት። ትልቅ ቤት፣ እብነ በረድ ደረጃ። ታናሽ ወንድሙ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ደረጃው አናት ላይ ቆሟል። አጎቱ ከኋላው ነው፤ ባለፈው ክፍል የኑዛዜውን ወረቀት ሲያነብ አይተነዋል። ካሜራው ጎማው ላይ ይቆያል። «አጎቱ ይገፋዋል» የሚል ግምት ቢመጣ ልጁን በእግሩ አቁሙት፦ ያው ደረጃ፣ ያው ውርስ፣ ያው አጎት። ግምቱ ቆሟል፤ ስለ ስስት እንጂ ስለ እግር አይደለም። አሁን ደግሞ ልጁ ራት ላይ ዝም ብሎ ሲበላ ብቻ ታይቶ «ይሄ አይቆይም» ቢባል ወንበሩን ስታነሱት ምንም አይቀርም። ያ ግምት አካሉን ብቻ አይቶ የተነሳ ነው።

በመካከል ያለም አለ። ካሜራው ጎማው ላይ ሳይሆን ፍሬኑ ላይ ቢቆይስ? አብዛኛው ዊልቸር በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች አጠገብ በእጅ የሚገፋ የፍሬን ዘንግ አለው። ወንበሩን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ተዳፋት ላይ ሲቆም ሳያስብበት ሁለቱንም ይቆልፋል፤ እጁ ለምዶታል። ድራማው ያለምንም ምክንያት ክፍቱን ትቶት ካሳየ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ደራሲው ወንበሩን አያውቀውም፣ ወይ ለመግደያ እያዘጋጀው ነው። «ፍሬኑን ስላሳዩን ይወድቃል» የሚል ሰው ደራሲውን በትክክል አንብቧል። ንቀት ካለ የደራሲው ነው፤ ገማቹን ተዉት።

መመዘኛው የማይሠራበት ቦታም አለ፤ ጉዳቱ ራሱ ታሪኩ ሲሆን። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በመጀመሪያው ክፍል ከግንብ የተወረወረው ብራን እግሮቹን አጣ፤ በ2019 ድራማው ሲያልቅ ግን ንጉሥ የሆነው እሱ ነበር። አካሉን ብቻ አይቶ «አይቆይም» ያለ ሰው ስምንት ሲዝን ሙሉ ተሳስቷል። በ2016 የሞተው፣ ብራንን የሚሸከመው ሆዶር ግን ሌላ ነው። ከአንድ ቃል በቀር የማይናገረው ለምን እንደሆነ የታወቀው በሞቱ ሰዓት ነው፦ ገና ልጅ ሳለ አእምሮውን የጎዳው «በሩን ያዝ» የሚለው፣ በር ይዞ የሚሞትበት የዚያች ቀን ትእዛዝ ነበር። እዚህ ጉዳቱን አንሱ ብትሉ ታሪኩ ይፈርሳል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት፦ ይህ ሰው ሌሎች እንዲያመልጡ ከመሞት በፊት የራሱ የሆነ ፍላጎት ታይቶለት ያውቃል? አንድ ትዕይንት እንኳ ጥቀሱ። መጥቀስ ካልቻላችሁ «ሞቱ ያምራል» የሚለውና «ተጠቀሙበት» የሚለው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ለመምረጥ አትገደዱ።

«ሐኪም ያውቃል» ሲባል አጣሩ

«እንዲህ ያለው ሰው ዕድሜ የለውም» የሚል ግምት በሕክምና ስም ስለሚመጣ ጠንካራ ይመስላል። ብዙዉ ግን ያረጀ ወይም የተሳሳተ ነው።

ከወገብ በታች አለመታዘዝ በራሱ ገዳይ በሽታ አይደለም። አደጋው የመቀመጫ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በዊልቸር የሚሄድና መቀመጫው የማይሰማው ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን ከመቀመጫው እንዲያነሳ የሚመከረው ቁስሉን ለመከላከል ነው። ድራማው አስታማሚዋ ቁስሉን አይታ ስትደብቅ ካሳየ የሞት ግምቱ መሠረት አለው። ወንበሩን ብቻ ካሳየ የለውም።

የሚጥል በሽታ ላይ አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይጠቅምም፤ አፍ ውስጥ ነገር መክተት ይጎዳል። ድራማው ውስጥ እነዚህን ሲያደርጉ ካያችሁ እዚያው ተናገሩ፤ ቤት ውስጥ የሚያይ ልጅ ይማረዋልና። እዚህ በሽታ ላይ ምድጃና ውኃ እውነተኛ አደጋ ናቸው። ስለዚህ «ብቻዋን እሳት ላይ ስትሠራ ሦስቴ አሳይተውናል» የሚለው ግምት ስለ ምድጃው ነው፣ ተቀባይነት አለው።

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው «በልጅነቱ ነው የሚሞተው» የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 አማካይ ዕድሜው 25 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል፤ ትልቁ ምክንያት የልብ ቀዶ ሕክምና ማግኘታቸው ነው። አካሉን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ የያዘው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 የሁለት ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር፤ በ2018 ሲያርፍ 76 ዓመቱ ነበር።

ሥጋ ደዌ የሐረር ሰው በቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ምክንያት በቅርብ የሚያውቀው ነው፤ ሆኖም በታሪካዊ ድራማ ላይ ሲመጣ «አለቀለት» ይባላል። ዛሬ በመድኃኒት በ6 ወይም በ12 ወር የሚድን ነው። ድራማው የቆየ ዘመን ላይ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ገና የለም፤ ግምቱን በዚያ ዘመን መዝኑት።

መቁጠር

«ሁሌም ይገድሏቸዋል» የሚል ሰው ካለ ደብተሩ መጨረሻ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ገጸ ባሕርይ፣ ጉዳቱ፣ መጨረሻው፣ ከእሱ በኋላ የተለወጠው ሰው። መጨረሻው ላይ «ሞተ»፣ «ዳነ» ወይም «እንዳለ ኖረ» ይጻፍ። ሁለት የአሜሪካ ምሁራን፣ ዴቪድ ሚቼልና ሻሮን ስናይደር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ አካል ጉዳት ለብዙ ታሪኮች እንደ ሰው ሠራሽ እግር መደገፊያ እንደሚሆን ጽፈዋል፤ ታሪኩ ተደግፎበት ይሄድና ሲጨርስ ወይ ያድነዋል ወይ ይገድለዋል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «እንዳለ ኖረ» የሚለው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ስታዩ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባችኋል።

አራተኛው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል። ልጁ ሞቶ አክተሩ አልቅሶ፣ ተጸጽቶ፣ ካገባ ሞቱ ለአክተሩ ትምህርት ሆኗል። ልጁ ሲሞት የራሱ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የጀመረው ሥራ ወይም ፍቅረኛው፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ከታየ ግን ሰው ነው የሞተው።

ሁለት ጥንቃቄ። ከአምስት ድራማ በታች ቆጥራችሁ «ሁሌም» አትበሉ፤ በአንድ ድራማ ሁለት ሰው ኖሮ አንዱ ቢሞት ግማሹ ነው፣ ግን ምንም አያስረዳም። ደግሞም አካል ጉዳት የሌለባቸውን ደጋፊ ገጸ ባሕርያት ጎን ለጎን ቁጠሩ። የጦርነት ድራማ ከሆነ ሁሉም እየረገፈ ነው።

አነጋገሩ

ድሬ ላይ ታላቅም ታናሽም «አንተ» ስለሚባባል በቀጥታ መጠየቅ አይከብድም። ከሌላ አገር የመጡ ትልቅ ሰው ካሉ «እማማ፣ ምን አይተው ነው?» በቂ ነው። ጥሩ የሄደ ንግግር እንዲህ ይመስላል፦

«አቦ፣ ይሄ ልጅ በቃ ሟች ነው።»

«ምን አይተህ?»

«አታየውም እንዴ እንዴት እንደሆነ?»

«እንዴት ነው የሆነው?»

«ዊልቸር ላይ ነዋ!»

«እሺ፣ ዊልቸሩን ተወውና ከአጎቱ ጋር ያለውን ንገረኝ።»

ብዙ ሰው «ዊልቸር ላይ ነዋ» የሚለውን እንደሰማ «ናቂ ነህ» ብሎ ይዘላል። እዚያ ላይ ከተዘለለ ሰውየው ግምቱን ትቶ ስሙን መከላከል ይጀምራል፣ ነገሩም ያበቃል። ዓረፍተ ነገሩን እንጂ ሰውየውን አትፍረዱት፦ «ይሄ አባባል ወንበሩን ብቻ ነው ያየው» በሉ። ነገር ግን አንዱ «ሽባ»፣ «ደንቆሮ»፣ «ዱዳ» እያለ ከቀጠለ እዚያው በአጭሩ አርሙት፤ አካል ጉዳተኛ፣ መስማት የተሳነው በሉ፤ ወደ ግምቱም ተመለሱ። ስለ ቃሉ ግማሽ ሰዓት መከራከር አያስፈልግም።

ቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ሰው ካለ ዳኛ አታድርጉት። «አንተ ንገረና፣ ንቀት ነው አይደለም?» ማለት ድራማ ሊያይ የመጣን ሰው በግድ ጠበቃ ማድረግ ነው። አካል ጉዳተኞችም እርስ በርሳቸው በዚህ አይስማሙም፤ አንዱ የሚያለቅስበትን ሞት ሌላው ይረግመዋል። ግምቱን እንደማንኛውም ሰው በተራው ይናገር፤ «ይሞታል» ካለም ይጻፍለት፣ «ምክንያቱም» ይጠየቅ።

ይልቅ ሰውየው ገብቶ መቀመጥ እንዲችል አስቡ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የሐረሪ ቤት መቀመጫ ነደባዎችም ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ በዊልቸር የመጣው ሰው ሌላው ሁሉ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ከታች ይቀራል። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ስክሪኑን ወደ ውጭ አውጡት። ድሬ ላይ የከዚራ ሰፈር ሜዳማና ሰፊ መንገድ ያለው ስለሆነ ይቀላል። በአማርኛ የተመለሰ ድራማ የጽሑፍ ትርጉም ከሌለው መስማት ለተሳነው ሰው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በስልክ ዋና ዋናውን ይጻፍለት፤ ሲያልቅ ሳይሆን እየታየ። አለበለዚያ ግምቱ ላይ መሳተፍ አይችልም።

«ይድናል» የሚለውም ይመዘን

የሞት ግምት ላይ የጠነከረ ሰው «በመጨረሻ ይራመዳል» ሲባል ያጨበጭባል። ሁለቱ ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ በሁለቱም ሰውየው እንዳለ ሆኖ እንዲኖር አልተፈቀደለትም። እዚህም ወንበሩን የማንሳቱን ጥያቄ ገልብጣችሁ ጠይቁ፦ ባይራመድ ታሪኩ ምን ይጎድልበታል? «ሠርጉ ላይ መቆም አለበት» ከሆነ መልሱ፣ ተቀምጦ የሚያገባ ሰው ለምን አይሆንም? ድራማው ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ አሳይቶ ከሆነ ግን ግምቱ ትክክለኛ ትንበያ ነው።

ደብተሩ የሚከፈትበት ቀን

ሞቱ ሲመጣ፣ ወይም ድራማው ሲያልቅ፣ መስመሮቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ነጥብ ስትሰጡ ለሞቱ 1፣ ለምክንያቱ 2 ስጡ። ልጁ በእርግጥ ሞቶ ገዳዩ ውርሱ ከሆነ፣ «ስለታመመ ነው» ያለው ሰው 1 ያገኛል፤ «አጎቱ» ያለው ሦስቱንም ይወስዳል። ልጁ ካልሞተ «ስለታመመ» የሚለውን መስመር አትሰርዙት፤ በቀጣዩ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ከመጻፋችሁ በፊት መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ይሁን።